የብረቱ ውሃ

ክንፈ ሁዳዴን ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ ከቀልድ ግን ጾሞ አያውቅም። በመካነ ሰላም ከተማ እሱ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሴቶቹ አስቀድመው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ሬሳ ሳይወጣ ሳቅ ያመልጠናል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ወጣትነቱን በሙሉ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲፈታና ሲያስር ነው ያሳለፈው። አብዮቱ መጥቶ ባልንጀራ ባልንጀራውን በጣት መጠቆም ሲጀምር እዚያ ቀልድ ራሱ የሚያስገድል ነገር ሆነ። ክንፈም ነገሩ ሳይመጣበት ፋብሪካው የጣላቸውን ሁለት ሞተሮች ጠግኖ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ በደሴ አድርጎ ወደ አገሩ ገባ። በገባ በዓመቱ ሐረግን አገባ።

ሐረግ ለቀልዱ ሁነኛ ሰው ሆነችለት። ትስቅለታለች፣ ትመልስለታለች፣ ሲያበዛባት ደግሞ ማማሰያ ይዛ ታባርረዋለች። ልጅ አልወለዱም። ይህን የሚያነሳ እንግዳ ሲመጣ ክንፈ «ምን እናድርግ፣ ሁለታችንም ገና አላደግንም» ይላል፤ እንግዳው ይስቅና ነገሩ ይታለፋል። ሐረግ ግን እየሳቀች ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ቶሎም አትወጣም። ክንፈ ይህን ያውቅ ነበር። ቢያውቅስ ምን ያደርጋል? ሲጨንቀው ካፉ የሚወጣለት ቀልድ ብቻ ነው።

ከቤቱ ጀርባ በእንጨትና በጭቃ አንድ ክፍል አቆመ። ሐሳቡ የእንጨት ሥራ ነበር፤ አንደኛው ሞተር መጋዝ ሊያዞር፣ ሁለተኛው መላጊያ ሊያዞር። ሐረግ ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀብታው ገና ሳይደርቅ፣ ክንፈ ከሰል ይዞ ገባና የሽቦውን ዕቅድ ይሥልበት ጀመር።

«እንዴ! የቀባሁት ለአንተ መጫወቻ ነው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«መሐንዲስ ወረቀት ሲያጣ የሚስቱን ግድግዳ ይጠቀማል። ተጽፏል።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ይኸው፣ እየጻፍሁት አይደል?»

ሐረግ ገብታ አጠገቡ ቆመች። ሦስት ረጃጅም መስመሮች ከአጥሩ ተነስተው፣ በጣሪያው ሥር አልፈው ወደ አንድ ሳጥን ይገባሉ። ከሳጥኑ ወጥተው ደግሞ ወደ ሁለቱ ሞተሮች ይከፈላሉ። ክንፈ ስለ ሥራው ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ቀልዱ ከደጅ ይቀራል። «የቤታችን አምፖል በአንድ መስመር ይበራል» አላት። «ሞተር ግን በዚያ አይነሳም። ሦስት መስመር ይፈልጋል። የአምፖሉ ጉልበት ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ የዚህ ሦስት መቶ ሰማንያ። ለየመስመሩ ፊውዝ አለው፤ ለየሞተሩ ማጥፊያ አለው። ማጥፊያውም የሚሠራው ሰው ከቆመበት ሳይራመድ እጁ የሚደርስበት ነው። ሽቦው ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭን ካሰርሁ ይግላል፣ ከጋለ ቤቱን ያነደዋል።»

«ይገድላል?» አለች ሐረግ። ከተናገረው ሁሉ የያዘችው የጉልበቱን ነገር ነው።

«በሥርዓቱ ከታሰረ በግ ነው።»

«ካልታሰረስ?»

«የማስረው እኮ እኔ ነኝ!»

ሐረግ አልሳቀችም። «ሰው የሚገድል ነገር ቤቴ አላስገባም» አለች። «አይገድልም ብለህ ማልልኝ።» ክንፈ ማለላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ኤሌክትሪክ ክፋት በቤቱ ውስጥ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። መሐላው ቢያሳፍረውም፣ በሩን ትዘጋብኛለች ብሎ ስለሚፈራ ዝም ማለቱን መረጠ።

ዕቅዱ ግድግዳው ላይ ዓመታት ቆየ። የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ሲመሽ፣ ያውም ለመብራት ብቻ ነበር። ቀን የሚያስነሳው ናፍጣ ከየት ይመጣል? ክንፈ በእጅ መጋዝ በርና መስኮት እየሠራ፣ ሞተሮቹን በጆንያ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ።

በልጉም ቀረ፣ ክረምቱም ቀረ። ከወግዲ በኩል፣ ከዓባይ አፋፍ ካሉት መንደሮች፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ከተማው ይወጣ ጀመር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ተረት ነበር፤ ያን ዓመት በዓይናችን አየነው። ከገበያው በታች ሰው በቅጠልና በጆንያ ተጠልሎ ሰፈረ፤ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይሞታል። በርና መስኮት የሚያሠራ ጠፋ። ክንፈም መጋዙን ሰቅሎ አካፋ አነሳ፤ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር መቃብር ሲቆፍር ይውላል።

ዘግይቶም ቢሆን የእርዳታ እህል በመኪና ደረሰ። ስንዴ ነበር፤ ያልተፈጨ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ስንዴ። ጉልበት ላለው ሰው ስንዴ በረከት ነው። ግን የከተማው የናፍጣ ወፍጮ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰብሮ መለዋወጫ ታጥቶለታል፤ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚፈጭ ወገብም በዚያ ሰፈር አልነበረም። ማገዶ ያገኘ ቀቅሎ ይበላል፣ ያላገኘ ቆርጥሞ ይውጣል። የሕፃናቱ ሆድ ይህን አልቻለም። እህሉ እንደገባ ይወጣል፤ ከረሃቡ ያመለጡት በተቅማጥ ያልቁ ጀመር። ልጅ እህል አጥቶ ሲሞት ማየት ክፉ ነው፤ እህል በእጁ ይዞ ሲሞት ማየት ግን ከዚያም ይብሳል።

ሐረግ በየቀኑ ወደ መጠለያው እየወረደች የታመሙትን ትረዳለች። አንድ ቀን ሩቂያ ከምትባል፣ ከወግዲ ከመጣች ሴት ጋር ዋለች። የሩቂያ ወንድ ልጅ ሞቶባት ነበር፤ አብራት ሬሳውን አጠበች፣ አብራት ቀበረች። ስትመለስ ክንፈን ከሥራ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘችው።

«ስንዴው ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነበር» አለችው። «በእጄ ይሰማኝ ነበር።» ወደ ጆንያዎቹም አገጯን አነሳች። «ያ ሞተርህ ይፈጫል?»

«ድንጋይና ድንጋዩን የሚያዞር ቺንጋ ካገኘሁ ይፈጫል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?»

ክንፈ ያን ዕለት ግድግዳው ላይ በከሰል የሣለውን መጋዝና መላጊያ በመዳፉ ጠርጎ በቦታው የወፍጮ ድንጋይ ሣለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንጉሡ ቁጡ ሰው ነው፤ ግን የሱም እህት ልጅ መጠለያው ውስጥ ነበረች። ከእርዳታ መኪኖቹ ናፍጣ ለምኖ ጄኔሬተሩ ቀን እንዲነሳ አደረገ፤ ከመጋዘንም ወፍራም ሽቦ አስወጣ። ድንጋዩንና ቺንጋውን ከተሰበረው ወፍጮ ፈቱ። ክንፈ ከሁለቱ ሞተሮች ትልቁን መረጠ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስነሳት ጄኔሬተሩን ያንበረክከዋል። ሦስቱን መስመሮች ከጄኔሬተሩ ቤት ተነስቶ መሐል ላይ ሳይቀጥል ሳጥኑ ድረስ አመጣቸው፤ ሽቦ የሚታመመው መቀጠያው ላይ ነው። ማጥፊያውን ስንዴ የምታፈሰው ሴት ከምትቆምበት በቀኝ በኩል፣ በትከሻዋ ቁመት ሰቀለው። ሐረግን አቁሞ በክንዷ ለካ።

የቀረው የመሬቱ ሽቦ ነበር። ሞተሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ የማሽኑ አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ የነካው ሰው ይሞታል። ከማሽኑ አካል ተነስቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር የተያያዘ ሽቦ ካለ ግን ኃይሉ በዚያ ወደ መሬት ይሮጣል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ነገር ግን መሬቱ እርጥብ መሆን አለበት፤ ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ክንፈ ከክፍሉ ጀርባ እስከ ደረቱ ድረስ ቆፈረ። ያገኘው አመድ የመሰለ አቧራ ነው፤ ከአቧራው በታች ዓለት። እንግዲህ አቃቂ በበጋ ሲቸግራቸው የሚያደርጉትን አደረገ፦ ብረቱን ተከለ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላ፣ በላዩ አንድ እንስራ ውሃ አፈሰሰ። ይህም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ በየጠዋቱ አንድ እንስራ ያስፈልጋል።

እስቲ አስቡት። ሰው በውሃ ጥም ምላሱን በሚያወጣበት አገር፣ አንዱ ተነስቶ ጉድጓድ ምሶ፣ ብረት ተክሎ፣ ጨው ነስንሶ ውሃ ሲያፈስ! ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠራርቶ አየ። በእኛ በወሎ ዛፍ ቅቤ የሚቀባ፣ ለድንጋይ ወተት የሚያፈስ ሞልቷል፤ ስለዚህ የነገሩን ስም ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። «ክንፈ ለሞተሩ ቆሌ ተከለ» ተባለ።

ሐረግም ጠየቀችው። «ምንድን ነው ይሄ?»

ክንፈ እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። እውነቱ ግን «ማሽኑ ሊገድል ይችላል» ብሎ የሚጀምር ነው፤ አይገድልም ብሎ ደግሞ ምሎላታል። ማሽኑ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያን ሁሉ ልጅ እያየ፣ ከሚስቱ ጋር ስለ መሐላ ሊከራከር አልፈለገም። ሳቅ አለና፣ «አልሰማሽም? የሞተሩ ቆሌ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ እንስራ ካልጠጣ ይቆጣል» አላት።

የሐረግ ፊት ጠቆረ። በስልሳ ስድስቱ ረሃብ እሷ ገና ኮረዳ ነበረች። ከላማቸው የተገኘውን የመጨረሻ ወተት እናቷ ከመንደሩ በላይ ወዳለው አድባር ወስዳ፣ ዝናብ ይመጣል ብላ ከዋርካው ሥር አፈሰሰችው። የሐረግ ታናሽ ወንድም በማግሥቱ ሞተ። ይህን ለክንፈ የነገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳችውም። እሱም ያን ሰዓት አላስታወሰውም፤ ያስታወሰው ፊቷን ካየ በኋላ ነው።

«በዚህ እንኳ አትቀልድ» አለችው።

«አፉ በይኝ ሐረጌ። ቀልድ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን ውሃውን አትርሺ» አለ። ቀልድ ከሆነ ውሃው ለምን እንደሚያስፈልግ አልነገራትም።

መጀመሪያ ቀን ሲያስነሱት ድንጋዩ ወደ ኋላ ዞረ። ንጉሡ አንገቱን ደፋ፣ ሴቶቹ አጉረመረሙ። ክንፈ ሳይደነግጥ ማጥፊያውን ወደ ታች ጣለና ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ቦታ አለዋወጠ፤ ሲያስነሳው ድንጋዩ በትክክል ዞረ። የመጀመሪያው ዱቄት እንደፈሰሰ ሐረግ በእፍኟ ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ በሰው ፊት፣ ያውም በሊቀመንበሩ ፊት፣ የባሏን ጉንጭ በዱቄት እጇ ይዛ ሳመችው። ክንፈ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ ኖሯል፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎት አያውቅም።

ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ይዞር ጀመር። ሰልፉ ከአጥሩ አልፎ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ሐረግ ታፈሳለች፣ ሩቂያ ዱቄቱን ትቀበላለች፤ ሴትየዋ ከልጇ ቀብር ወዲያ ከሐረግ አልተለየችም። የቀረቻት ሴት ልጅ ፈዲላ ትባላለች፤ ስትመጣ ራሷን መሸከም ያቃታት ነበረች። አጥሚት መጠጣት ከጀመረች በኋላ አንገቷ ጸና፤ ቀጥሎ የናቷን ቀሚስ ይዛ ቆመች። በመጠለያውም ቀባሪዎቹ ከሰዓት በኋላ የሚያርፉበት ቀን መጣ።

ምንጩ ግን ሸሸ። አንድ እንስራ ለመሙላት ሴቶቹ በቅል እየጨለፉ፣ እየጠበቁ፣ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ሐረግ ጎህ ሲቀድ ወርዳ የሞላችውን ይዛ ስትመጣ፣ በሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች በዓይናቸው ይከተሏታል። እሷም በነዚያ ዓይኖች መካከል አልፋ ውሃውን ጨው ላይ ታፈሳለች።

አንድ ማለዳ ማሽኑ ሳይነሳ ወደ ክንፈ ገባች። እሱ ቺንጋውን ሊያጠብቅ ሞተሩ ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ክንፌ፣ የእውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ያ ብረት ውሃ ባያገኝ ሞተሩ ይቆማል?»

«አይቆምም» አለ ክንፈ ከሥር። እውነቱን ነው፤ አይቆምም። ቀና ብሎ ፊቷን ቢያይ ኖሮ፣ ጥያቄው የጨዋታ እንዳልሆነ በገባው ነበር። እጁ በግራሶ ተጨማልቋል፣ ሰልፉ ይጠብቃል፣ ጄኔሬተሩም ሊነሳ ነው። «አይቆምም፤ ያኮርፋል እንጂ» አለና ሳቀ።

ሐረግም ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር፣ ሸክም ያወረደ ሰው ሳቅ። ክንፈ የሳቀችው ለቀልዱ መሰለው፤ ደስ አለው።

የሆነው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ረፋዱ ላይ ነው። የጄኔሬተሩ ድምፅ ደከም ሲልበት ክንፈ ሊያይ ሄዶ ነበር። ያን ጠዋት የመጣው ስንዴ አፈር ስለበዛበት ሴቶቹ በጥቂት ውሃ አለቅልቀውት፣ ከጆንያው ሥር ወለሉ ረጥቧል። ሐረግ በባዶ እግሯ ነበረች። ሞተሩ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው አንደኛው ሽቦ ከብረቱ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ልባሱ አልቆ ነበር። ስንዴው የሚፈስበትን የብረት አፍ ልታራግፍ በእጇ ያዘችው፤ መልቀቅ አልቻለችም። ሩቂያ እየጮኸች ወጣች። ክንፈ ከመንገዱ ሮጦ ደርሶ ማጥፊያውን ጣለው። በቀኟ በኩል ነበር፣ በትከሻዋ ቁመት፣ እሱ ራሱ በክንዷ ለክቶ በሰቀለበት ቦታ። ክንዷ ግን ያን ጊዜ የሷ አልነበረም። ሲያቅፋት ሰውነቷ ይሞቃል፤ ስሟን ሲጠራት አልመለሰችለትም።

ቀበሯት። ክንፈ በቀብሩ ላይ እንባ አላወጣም። ሰው ሲበተን ከክፍሉ ጀርባ ሄደና ጉድጓዱን አየ። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጨው ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ደርቋል። እጁን እስከ ክርኑ ከተተ፤ እርጥበት የሚባል የለም። ያን ቀን ብቻ የደረቀ አልነበረም፤ ከብዙ ቀን ጀምሮ ውሃ አላየም። ሐረግ ረስታው ይሆን? ሐረግ እኮ ነገር የምትረሳ ሴት አይደለችም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የዚያን ጊዜ አለቀሰ፤ ድምፁን ከአጥር ወዲያ ያሉት ሁሉ ሰሙት።

ከተማው ፍርዱን ወዲያው ሰጠ። «ቆሌው በላት» ተባለ። ስንዴ ተሸክመው የመጡት ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይውላሉ፤ ለመግባት ይፈራሉ፣ ለመሄድም ልጆቻቸው አሉባቸው። «አስነሳልን» ብሎ ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ነው። ንጉሡም መጥቶ ተቀመጠ፤ ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ ተነስቶ ሄደ። በመጠለያው ልጆች ስንዴ መቆርጠም ጀመሩ።

ሰልስቱ እንደወጣ ክንፈ ወፍጮውን ፈታ። የተላጠውን ሽቦ ቆርጦ ጣለ፣ አዲሱን በጎማ ጠቅልሎ አሰረ። ከዚያ የሐረግን እንስራ ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ። እንስራ የተሸከመ ወንድ በሌላ ጊዜ ለዓመት መሳቂያ ይሆን ነበር፤ ያን ዕለት ሴቶቹ ተነስተው ተራቸውን ለቀቁለት።

ተመልሶ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ሩቂያ ቆማ አገኛት። ፈዲላ ከጎኗ ነበረች።

«ጋሼ ክንፈ፣ አብሽሩ» አለች ሩቂያ፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። «አንድ ነገር ልንገርዎትና አፉ ይበሉኝ። ይዤው ማደር አቃተኝ።»

«ንገሪኝ» አለ ክንፈ እንስራውን እንደተሸከመ።

«የብረቱን ውሃ የጠጣነው እኛ ነን። እታለም ሐረግ ጠዋት ጠዋት እንስራዋን ይዛ እዚህ ትመጣና ትቆማለች። አንድ ቀን ግን ወደኛ ተመለሰች። ‹ነፍስ ያለው ይቅደም። ብረት ቢጠማው አይሞትም። ባሌን ጠይቄዋለሁ፤ ያኮርፋል እንጂ አይቆምም ብሎኛል› አለችና ለልጆቹ አካፈለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ናት። ለርስዎ እንዳንናገርም አደራ አለችን፤ ‹ይቀልድብኛል› ትላለች እየሳቀች። ይቺ ልጅ ወላሂ በዚያ ውሃ ነው የቆመች። አላህ ጀነት ይስጣት።»

እንስራው የክንፈን ትከሻ ተጫነው፤ ማውረድ ግን አልቻለም።

«አሁን ሰዉ ምን ይላል መሰለዎት» አለች ሩቂያ። «ቆሌው ውሃውን ሰዎች ጠጥተውበት፣ ተቆጥቶ ገደላት ይላል። ያ ረቢ! እኔ ያልተማርሁ ነኝ፤ እርስዎ ያውቃሉ። እውነት ነው? በኛ ሰበብ ነው ወይ የሞተች?»

ፈዲላ እናቷን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ክንፈን አየችው። አፏ ዙሪያ የደረቀ አጥሚት ነበር።

ክንፈ ዕድሜውን ሙሉ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ያለው መልስ ግን አንድ ነው፤ ቆሌ የለም፣ ግን አዎ፣ ውሃው ቢፈስ ኖሮ ትኖር ነበር። ይህን ቢናገር ሴትየዋ ውሃ ባየች ቁጥር፣ ልጇን ባየች ቁጥር፣ ሐረግን የገደልኳት እኔ ነኝ ትላለች። ሐረግ ደግሞ ውሃውን የሰጠቻቸው እንዲኖሩበት ነው። ደግሞስ የማን ጥፋት ነው? ጠይቃው ነበር። «የእውነቱን ንገረኝ» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ቆሌ የሚባል የለም» አላት። «ውሃውም ለምንም አልነበረም። እሷን ላናድዳት ብዬ ያወራሁት ነው። እንኳን ጠጣችሁት።»

«ታዲያ በምን ሞተች?»

«በእጄ ሥራ። ሽቦውን ሳስረው አላጠበቅሁትም። ሰነፍሁ፤ በቃ።»

ሩቂያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች፤ ከውስጥ የመጣ ትንፋሽ ነበር። ቀና ብላ ክንፈን ስታየው ግን ዓይኗ ሌላ ሆነ። «ምነው ጋሼ ክንፈ!» አለች። «ምነው! እንዲያ ያለችውን ሰው! ጠበቅ አድርጎ ማሰር አቅቶዎት ነው?»

«አዎ» አለ ክንፈ።

እንስራውን አውርዶ ሰጣት። «ለልጆቹ ስጪልኝ» አላት። ሩቂያ ተቀበለችው፤ ሳትመርቀው፣ ሳታመሰግነው፣ ልጇን ይዛ ሄደች። ክንፈ ሌላ እንስራ ፈልጎ ወደ ምንጩ ተመለሰ። ውሃውን ይዞ ሲመጣ የጉድጓዱን ዙሪያ በሰሌን ጋረደና፣ ማንም ሳያየው እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰው። ወሬው ቀድሞት ነበር። ሴቶቹ ሰልፍ ይዘው ወደ ግቢው ገብተዋል፤ ቆሌውን ከእንግዲህ አይፈሩትም። እሱ ሲያልፍ ጨዋታቸውን አቋረጡ፤ አንዳቸውም ሰላም አላሉትም፤ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ሰብስባ ፊቷን አዞረች። ክንፈ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቀ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው ቀድሞ የብረቱን አፍ በገዛ እጁ ያዘና «ተረኛ!» ብሎ ተጣራ።